በእርሳስ የተሠራ ዱሽ

«ባልዲ ባልዲ ነው!» አለች። «ቀዳዳ ስላለው ብቻ ሻወር አይሆንም!»

«አቦ፣ ሻወር ማለት ታዲያ ምንድነው? ቀዳዳ ያለው ዕቃ ከላይ ይሰቀላል፤ ውሃ ይሞላበታል፤ ውሃው በቀዳዳው ይወርዳል። ሌላ ምን አለው?»

«መክፈቻ አለው። መዝጊያ አለው። ክብር አለው።»

«ክብር! ባልዲው ምን አደረገሽ?»

«ባልዲው ምንም አላደረገኝም። አንተ ነህ።»

የሚጨቃጨቁት ጓደኛዬና እጮኛው ነበሩ። እኔ መሀላቸው ቆሜ ክርክሩ የተነሳበትን ባልዲ በሁለት እጄ አቅፌያለሁ። የቀለም ባልዲ ነው። ጓደኛዬ ታቹን በምስማር በሳስቶ ወንፊት ካስመሰለው በኋላ፣ ከግቢያችን ጥግ በቆርቆሮ በከለልናት መታጠቢያ አናት ላይ ሰቅሎት ነበር። ቀዳዳው ከመብዛቱ የተነሳ የሚታጠበው ሰው ሳሙናውን ሳያነሳ ውሃው ያልቃል። ስለዚህ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ከውጭ በርጩማ ላይ ቆሞ በጆግ ይሞላል። ያ ሌላው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

«እኔ ስታጠብ ይሄ ከላይ ቆሞ ሊሞላልኝ ነው?» አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች።

«ዓይኑን ጨፍኖ ይሞላል። ገጣሚ አይደል፤ ዓይን መጨፈን ልማዱ ነው።»

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። በዚህ ላይ የራሴ አቋም ቢኖረኝም የጠየቀኝ አልነበረም።

ጅቡቲ ውስጥ የዶራሌው የኮንቴይነር ወደብ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ጓደኛዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ እዚያ ወደብ ለሚገባው የኢትዮጵያ ጭነት ወረቀት የሚያስጨርስ ትራንዚተር ነበር። እኔ ቡላኦስ የሚባል ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ማሽኑ ያበላሸውን ወረቀት እየሰበሰብኩ በጀርባው ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ እንድጽፍ የጠየቀኝም የለም። ካርቲዬ ሲስ ሰፈር ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረን ተከራይተን፣ አንዱ ክፍል የእሱ፣ አንዱ የእኔ ነበር።

እጮኛው የአንድ ፈረንሳዊ ወታደር ቤተሰብ ቤት እያደረች ትሠራለች። የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። በዓርብ ቀኗ መጥታ ቤታችንን የምታየው ልክ ዕቃ እንደሚረከብ ሰው ነበር፤ ግድግዳውን በጣቷ ትነካለች፣ ጣቷን ታየዋለች፣ ምንም አትልም። ያን ቀን ግን ተናገረች።

«ስማኝ፤» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ማድረጓ ከጩኸቷ ያስፈራ ነበር። «እኔ ወጣትነቴ ያለቀው የሰው ዱሽ ሳጥብ ነው። ከዚህ ማዳም በፊት ሌላ ማዳም፣ ከእሷ በፊት ሌላ። ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን ከፍሳሹ አወጣለሁ፣ ቱቦውን እወለውላለሁ፣ መስታወቱን አደርቃለሁ። እኔ ራሴ የምታጠበው ከሠራተኛ ክፍል ጀርባ በጣሳ ነው። ትዳሬንም በጣሳ አልጀምረውም።»

«በባልዲ ነው ያልኩሽ እንጂ በጣሳ አላልኩም።»

«ማዳም በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች፤ ባሏን ሌላ አገር ቀይረውታል። ልጆቹ ለምደውሻልና አብረሽን ነይ ብላኛለች። መልስ ትጠብቃለች። ከመሄዷ በፊት ባለችው ዓርብ እመጣለሁ። እዚህ ጥግ መክፈቻ ያለው፣ መዝጊያ ያለው፣ ውሃ የሚያወርድ ዱሽ ካየሁ አልሄድም። ባልዲ ካየሁ እሄዳለሁ።»

«ሻወር ነው ያልሽው? ይሠራል!»

«አንተ የምትለው ሻወር ነው። እኔ የምለው እንደ ማዳም ቤት ያለ ዱሽ ነው።»

ጓደኛዬ ፊቱ ተቀያየረ። ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። «ስትመጪ ተሠርቶ ይጠብቅሻል፤» አለ።

«ከመጣሁ።»

«ስመጣ በይ እንጂ።»

«ከመጣሁ ነው ያልኩት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህቺ ክርክር አልተለየችንም። በስልክም ስታወራው «ከመጣሁ መጋረጃው ነጭ ይሁን»፣ «ከመጣሁ ያ የዛገ አልጋ ይውጣ» ትላለች፤ እሱ «ስመጣ በይ» ይላል፤ እሷ ስልኩን ትዘጋለች። እኔ ከቃላት ጋር የምኖር ሰው ነኝና በ«ከ» እና በ«ስ» መሀል ያለው ርቀት ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከተዘረጋው የባቡር ሐዲድ እንደሚረዝም ይገባኝ ነበር። የገባኝ ሌላም ነገር አለ፤ ዱሹ ከተሠራ ቤቱን ለቅቄ የምወጣው እኔ ነኝ። አብሬው የራሴን መባረሪያ ልሠራ ነው። ጓደኛዬም ይህንን አልካደም። «ሃያብለ ሰፈር ቤት ትከራያለህ፤» አለኝ። «ግን በሳምንት አንድ ቀን እየመጣህ ትታጠባለህ። ቃሌ ነው።»

መጀመሪያ በፕላስቲክ ቱቦ ሞከርን። ጣሪያው ጎን ባለው የድንጋይ መደብ ላይ በርሜል ሰቀልን፤ ከበርሜሉ እስከ መታጠቢያው ርካሽ ፕላስቲክ ዘረጋን። ቀጥ ብሎ ያደረው ቱቦ በማግስቱ እኩለ ቀን ፀሐዩ ሲያርፍበት ጎበጠ፤ ማታ ከሥራ ስንመለስ ሆዱ መሬት ደርሶ ነበር። ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ «ተኝቷል» አለ።

«ማዳም ቤት ያለው ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ደወለላት።

«መዳብ ነው። ቀይ። እንደ ቀለበት ያበራል።»

እንደ ቀለበት ማለት አልነበረባትም። ቀለበት የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ጓደኛዬን ከመዳብ የሚመልሰው አልተገኘም። በማግስቱ ከቡላኦስ ገበያ ጀርባ ካሉት ቁርጥራጭ ብረት ሻጮች ዘንድ ሄዶ አንድ እቅፍ የመዳብ ቱቦ ይዞ መጣ። ግማሹ ቀጥ ያለ፣ ግማሹ የተጣመመ፤ አንዱ እንኳ እስከ መታጠቢያው የሚደርስ ርዝመት የለውም። ማጠፊያና መቀጠያውንም በከረጢት ይዟል። አሁን የቀረው መበየድ ነው። መበየድ ደግሞ ከሁለታችን የሚያውቅ የለም።

ድሬዳዋ ሬዲዮ የሚጠግን አጎት ነበረው። ደወለለት። አጎትየው ጆሮው ስለደከመ ጓደኛዬ ግቢው መሀል ቆሞ ይጮሃል፤ ጎረቤት ሁሉ ምን ልንሠራ እንደሆነ ያኔ ነው የሰማው።

«ቀላል ነው፤» አለ አጎትየው። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። «ቱቦውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትገው። የመበየጃውን ቅባት ቀባው። አጋጥመው። እሳት ስጠው። ከዚያ እርሳሱን አስነካው። በቃ።»

«እርሳስ?»

«እርሳስ ነው እንጂ! ያለ እርሳስ ምን ይያያዛል?»

ጓደኛዬ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «እርሳስ አለህ አይደል?»

እንዴታ። በዚህ ዓለም ካለኝ ንብረት አስተማማኙ እርሳስ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲረዳኝ እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ትንሽ ተጠራጥሮ ነበር። «አቦ፣ ይሄ መጻፊያው እርሳስ ነው? ሌላ እርሳስ የለም?» ብሎኛል። መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቋንቋ ዝም ብሎ ለሁለት ነገር አንድ ስም አይሰጥም አልኩት። አባቶቻችን ብረቱንም እርሳስ፣ መጻፊያውንም እርሳስ ያሉት ውስጡ አንድ ስለሆነ ነው። እንጨቱ መያዣ ነው፤ ጥቁሩ ብረት ነው፤ ብረት በእሳት ይቀልጣል። እየተናገርኩ ሳለሁ ራሴን በጣም አምኜው ነበር። ጓደኛዬም ያመነኝ ስለተመቸው ነው፤ እርሳስ በእጃችን ነበረና።

የእኔ አንድ ብቻ ስለነበረች ሳታልቅብን ተጨማሪ ልገዛ ቡላኦስ ወዳለ አንድ የመናዊ የግንባታ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሰውየው ከኢትዮጵያውያን ጋር ኖሮ አማርኛ ቢሞካክርም፣ ትልቅ ሰው መስዬ ለመታየት በፈረንሳይኛ ጠየቅሁት፤ እርሳስን ቃል በቃል ተርጉሜ ክሬዮን ስጠኝ አልኩ።

«ክሬዮን ለምንህ?»

«መዳብ ልበይድ።»

አየኝ። ከጎኑ የቆመውን ደንበኛ አየው። ከዚያ የአናጺ የሚባለውን ጠፍጣፋ ወፍራም እርሳስ አወጣና «ለመዳብ ከሆነ ጠንካራው ይሻልሃል» አለኝ። የጋዝ መበየጃ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቅባቱንም አስይዞ ላከኝ። ቅባት ሲሰጠኝ አልሳቀም፤ ክሬዮኑን ሲሰጠኝ ግን ጢሙ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ለፈረንሳይኛዬ መስሎኝ ነበር።

ሙከራው ግቢያችን ውስጥ ተጀመረ። ጓደኛዬ ነበልባሉን ይዟል። እኔ በቀኝ እጄ የአናጺውን እርሳስ፣ በግራዬ ስልኩን፤ አጎትየው ከድሬዳዋ እየመራን ነው።

«ቱቦው ጋለ?»

«ጋለ!»

«አስነካው!»

አስነካሁት።

«ምን ይላል?»

«ይጨሳል!»

«ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ይጨሳል። ቀለጠ?»

«አልቀለጠም!»

«እንግዲያው አልጋለም። እሳት ጨምሩበት። ምን ይሸታል?»

«እንጨት!»

«እንጨት ምን ሊያደርግ ይሸታል? ከሥሩ እንጨት አስቀምጣችሁ ነው?»

«ከላዩ ነው!»

«እሱን አንሱት! እንጨት ምን ያደርጋል? እርሳሱን ብቻ!»

ጓደኛዬ በጥርሱ የእንጨቱን ልባስ እየላጠ ሰጠኝ። ጥቁሩን ራቁቱን አስነካሁት። ተሰበረ። ሁለተኛውን አስነካሁ። ቀላ እንጂ አልቀለጠም። መዳቡ ላይ ጥቁር መስመር ብቻ ቀረ።

«አጎቴ፣ ይጽፋል እንጂ አይቀልጥም!» ብሎ ጮኸ ጓደኛዬ።

ድሬዳዋ ጸጥ አለች። ከዚያ አጎትየው ቀስ ብሎ «ምን ያደርጋል አልከኝ?» አለ።

«ይጽፋል!»

«አንተ ልጅ። አብሮህ ያለው ማን ነው?»

«ጓደኛዬ ነው። ገጣሚ ነው።»

«በል የእሱን እርሳስ መልስለት፤» አለና ዘጋ።

የመናዊው መደብር ስመለስ ገና ከበሩ ላይ እያለሁ አንድ ጥቅል ብርማ ሽቦ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። እስክመለስ ሲጠብቀኝ እንደነበር ግልጽ ነው። «ኤታን» አለኝ፤ ፈረንሳዮች ለመበየጃው ሽቦ ያላቸው ስም ነው። «ክሬዮን ለምን አልከኝ?»

«በእኛ ቋንቋ አንድ ስም ነው።»

«እንግዲያው የሚያፈሰው ቧንቧችሁ ሳይሆን ቋንቋችሁ ነው፤» አለ በአማርኛ፤ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ሽቦውን ይዘን ስንጀምር ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ጓደኛዬ ቱቦውን አጋለው። መዳቡ መጀመሪያ ደመቀ፣ ከዚያ ጽጌረዳ ቀለም አለፈበት፣ ከዚያ ቅባቱ ፈላ። የሽቦውን ጫፍ መገጣጠሚያው ላይ አስነካሁት። ሽቦው ጠፋ። ጠብ አላለም፤ ወደ ታች አልወረደም፤ ቱቦውና መቀጠያው መሀል ያለችው ፀጉር የማታክል ክፍተት ጠጣችው፤ ዞሮም በሌላው በኩል ብር የመሰለ ቀለበት ሆኖ ብቅ አለ። ወደ ላይ ሳይቀር ይወጣል። የጋለው ነገር ራሱ ይስበዋል፤ አንተ ማስነካት ብቻ ነው። ብዙ ዓመት ቃልን ከቃል ለማጣበቅ ስታገል እንዲህ ያለ ነገር ሆኖልኝ አያውቅም፤ እኔ ሁልጊዜ የማቀልጠው ሽቦውን ነበር፤ ቱቦው ቀዝቃዛ እንደሆነ።

«ተው አትፍዘዝ፤ ቀጣዩን!» አለ ጓደኛዬ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመን ጠፋ። እሱ የሻይ ማንኪያ ከቲማቲም ጣሳ ጋር በየደ። እኔ የተሰበረውን የበር እጀታ ልበይድ ስል በሩን አቃጠልኩ። የእሱ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ወፍራም ናቸው፤ ሽቦ አይቆጥብም፤ ጠብታው ደርቆ እንደ ፍየል ጡት ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ጠንካራ ነው» ይላል። የእኔ ቀጫጭን ናቸው። «ግጥም ይመስላሉ» ይላል፤ ማፍሰሳቸው አይቀርም ማለቱ ነው። ከእሱ ያፈሰሰው ግን በለጠ።

አንድ ማታ ሁለት መክፈቻ ይዞ መጣ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ።

«በርሜሉ አንድ ነው፤» አልኩት። «ውሃውም አንድ ነው። እሱም ሙቅ ነው።»

«ማዳም ቤት ሁለት ነው ያለው።»

«ሰማያዊውን ከምን ልትቀጥለው ነው?»

አሰበ። «ከግድግዳው።»

ሰማያዊውን መክፈቻ ከግድግዳው እንጨት ላይ በምስማር መታው። ከምንም ጋር አልተያያዘም። ሲዞር ግን እንደ እውነተኛ ይዞራል፤ ትንሽም ሲጢጥ ይላል። በዚያ ከተማ በሰኔ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያወርድ መክፈቻ ያለው ሰው ስለማላውቅ የእኛም ከሌላው የተለየ አልነበረም።

የተባለችው ዓርብ ደረሰች። እሷ የራሷን ፎጣና የራሷን ሳሙና በቦርሳ ይዛ መጣች። ማዳም መልሱን ዛሬ ማታ ትፈልጋለች። እኛ ግን ከበርሜሉ ሥር ያለችው አንዲት መገጣጠሚያ ቀርታን ነበር፤ ያቺ ያልተበየደችው በእኛ ስንፍና አይደለም። የበርሜሉ መዝጊያ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ቱቦው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቱቦው ውስጥ ውሃ እያለ ደግሞ እሳቱ ውሃውን ያፈላል እንጂ መዳቡን አያግልም፤ ሽቦውም አይቀልጥም። በርሜሉን አፍስሰን እንዳንበይድ የሰፈሩ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ካፈሰስነው ዛሬ የምትታጠብበት የለም።

ይህንን ሁሉ ጓደኛዬ ላብ እያጠመቀው አስረዳት። ትሰማው ነበር፤ ግን ቦርሳዋን አላስቀመጠችም።

«ዳቦ ወትፉበት፤» አለች።

«ምን?»

«ዳቦ። ማዳም ቤት የመጣው ሠራተኛ እንደዚያ ነው ያደረገው። ዳቦው ጠብታውን ይዞ ያቆያል፤ ትበይዳላችሁ፤ ከዚያ ውሃው ሲለቀቅ ይሟሟና ይወጣል።»

ጓደኛዬ እጁን ከቱቦው ላይ አነሳ። «ዳቦ ቱቦ ውስጥ? አይደረግም።»

«ለምን?»

«ዳቦ ነዋ! እናቴ ዳቦ መሬት ሲወድቅባት አንስታ፣ ስማ፣ ግንባሯን አስነክታ ነው የምታስቀምጠው። እኔ መታጠቢያ ቱቦ ውስጥ ልወትፍ? እግዜር ምን ይለኛል?»

«እግዜር ዱሽ ሠራልኝ ብሎ ይመርቅሃል።»

«ወረቀት እንወትፍበት። የእሱ ግጥም ሞልቷል።»

«ግጥሜ አይሟሟም፤» አልኩ።

«አየህ?» አለችው። «አንተ ሰው፣ ማዳም ማታ መልስ ትጠብቃለች። ዳቦውን ሳመውና ክተተው።»

ከጠዋቱ የተገዛ አንድ ረጅም የፈረንሳይ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጓደኛዬ አነሳው፤ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው፤ ግንባሩን አስነካው፤ የሆነ ነገር አጉተመተመ። እሷ «ለስላሳውን ውስጡን ብቻ! ቅርፊቱን ተወው!» ብላ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ መጋረጃውን ልትሰቅል ዞረች። ጓደኛዬ ቁራሹን ከፍሎ ለስላሳውን ወተፈ። ቅርፊቱ በእጁ ቀረ። አየው። ወደ እኔ አየ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ጾም ነው፤ የመብያ ሰዓት ገና ነው፤ ሁላችንም ጿሚዎች ነን። ስለዚህ ቅርፊቱን መብላት አይችልም። መጣል ደግሞ አይታሰብም። ቱቦ ውስጥ መጨመሩ ግን፣ እንግዲህ ወንድሙ ቀድሞ ገብቷል፤ የተባረከ አገልግሎት ሆኗል። ይህን ሁሉ ፊቱ ላይ አነበብኩት። ቅርፊቱን ተከትሎ በአውራ ጣቱ እስከ መጨረሻው ገፋው። እኔም ብሆን ሌላ መላ አልታየኝም ነበር።

በየድኩ። ጠብታው ቆሞ ነበር። መዳቡ ጋለ፣ ጽጌረዳው ቀለም አለፈበት፣ ሽቦው ተሳበ፣ ቀለበቱ ዞረ። የሚቃጠል ዳቦ ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ሁላችንም ምራቃችንን ዋጥን።

«ክፈቱት፤» አለች።

ጓደኛዬ የበርሜሉን መዝጊያ ከፈተ። እሷ ከነልብሷ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ቀዩን መክፈቻ አዞረች። የዱሹ ራስ አንዴ አስነጠሰ። ከዚያ ምንም።

መክፈቻውን እስከ መጨረሻው ስታዞረው ተሰማ።

«ትንሽ ጠብቂ፤ እየሟሟ ነው፤» አለ ጓደኛዬ።

ጠበቅን። ቱቦው እንደ ሆድ ጮኸ።

«ለስላሳው እስካሁን መሟሟት ነበረበት፤» አለች ቀስ ብላ። «ምን ከተትክ?»

ጓደኛዬ አውራ ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

«ምን ከተትክ ነው የምልህ?»

«ቅርፊቱንም።»

«ለምን?!»

«ጾም ነዋ!»

መጋረጃው ተገለጠ። ተናዳ የማያት አሁን ነው ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። የተናደደ ሰው ፊት ግን አልነበረም፤ የደከመ ሰው ፊት ነው። ቦርሳዋን ከመሬት አነሳች። ጓደኛዬ የፊቱ ቀለም ሁሉ ወረደ። «እባክሽ፤» አለ። አቦ አላለም። ድሬዳዋ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። «እባክሽ፣ አንድ ደቂቃ።»

አየችው። ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ተመልሳ ገባች፤ የዱሹን ራስ በእጇ ፈታችው፤ ጫማዋን አወለቀችና ቱቦውን በተረከዙ ሁለት ጊዜ ጠቀጠቀችው። በሦስተኛው ቅርፊቱ እንደ ቡሽ ተተኩሶ ወጣና የጓደኛዬን ደረት መትቶ እግሩ ሥር ወደቀ። ከኋላው ነጭ ገንፎ፣ ከገንፎው በኋላ ውሃ። ሙቅ፣ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ ውሃ። ቦርሳዋም፣ እሷም፣ እኛም ራስን።

ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ቅርፊቱን አነሳ። ሳመው።

«ውጡ!» አለችን። «ሁለታችሁም ከዚህ ውጡ!»

ሄደን ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። መጋረጃው ተዘጋ፤ የዱሹ ራስ ተመልሶ ተጠመዘዘ፤ ውሃው ድምፁን ቀየረ፣ ወንፊት ሆነ። ለረጅም ጊዜ ወረደ። በርሜሉ ሙሉ ሊያልቅ ይችላል ብዬ አሰብኩ። ጓደኛዬ ቅርፊቱን በመዳፉ ይዞ የውሃውን ድምፅ ሲያዳምጥ ልጅ የሚወለድበት ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ይመስላል።

በመሀል አንድ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሰማን።

«ሰማያዊው ምንም አያመጣም!» ብላ ጮኸች።

«እሱ ለወደፊቱ ነው!» ብሎ መለሰላት።

ውሃው ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ከውሃው ሥር ሳቅ የመሰለ ነገር። ወይ ሳል ይሆናል። ጓደኛዬ ዓይኖቼን ፈለገ፤ እኔም አላወቅሁም።

ስትወጣ ፎጣዋን ራሷ ላይ ጠምጥማለች፤ ልብሷ እርጥብ ነው፤ ከጆሮዋ ጀርባ አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ ቀርታለች። ሁለታችንም አይተናታል። ቱቦውን ከበርሜሉ ጀምራ እስከ ታች በዓይኗ ተከተለችው፤ ቀይ መዳብ፣ ወፍራም ወፍራም የብየዳ ቀለበት፣ ቀጫጭን የብየዳ ቀለበት። ጣቷን በአንዱ ላይ አሳረፈች። ጣቷን አየችው።

«የት ነው?» አለ ጓደኛዬ፣ ቦርሳዋን ስታነሳ።

«ማዳም ዘንድ። መልስ ትጠብቃለች።»

«ምን ልትያት ነው?»

ጫማዋን አጥልቃ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ያየችው ግን እኔን ነበር፤ በጣቷ ከመታጠቢያው በላይ ያለችውን ጎባጣ ማጠፊያ ጠቆመችኝ። ከሥሯ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ልትወርድ ታስባለች።

«አንተ ባለ እርሳስ፤» አለች፣ «ያቺ ስመጣ እንዳታንጠባጥብ።»

ወጣች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።